በብሌኑ ቀዳዳ በኩል

በገጠር ያደገ ሰው የጅብን ዓይን ያውቀዋል። በጨለማ ባትሪ ሲበራበት ሁለት ፍም መስሎ ቦግ ይላል፤ መብራቱ ዞር ሲል ደግሞ ድርግም። የድመትም የበሬም ዓይን እንዲሁ ነው። ሰው ግን በዚያው ባትሪ ፊት ቢቆም ብሌኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይህ ልዩነት የብዙ ዘመን ሊቃውንትን አከራክሯል፤ ታሪካችንም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ከብሌኑ ጀርባ፣ በዓይን ጓዳ መጨረሻ ላይ ሬቲና አለ። ውፍረቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ስስ ሽፋን ሲሆን ብርሃንን ተቀብሎ አንጎል ወደሚያነበው መልእክት ይለውጣል። በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ በግልጽ ከታየ ገና 175 ዓመት ግድም ነው። ዛሬ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በመካከል ያለውን መንገድ ብዙዎቻችን በቁርጥራጭ ነው የምናውቀው፤ ስኳር ያለበት ዘመዳችን የዓይኑን ፎቶ ተነሥቶ መጥቷል፣ ለሌላው ኦ.ሲ.ቲ. የሚባል ምርመራ ታዝዞለታል፣ ሦስተኛው ግላኮማ እንዳለበት የተነገረው ምንም ሳያመው ነው። ቁርጥራጩን ለመቀጣጠል ወደ ኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1704 እስከ 1847፦ የሚያበራው ዓይን

ለረጅም ጊዜ የታመነው የእንስሳት ዓይን ከራሱ ብርሃን ያመነጫል ተብሎ ነው። በ1704 ዣን ሜሪ የተባለ ፈረንሳዊ የአካል ጥናት ሊቅ አንዲት ድመት ውኃ ውስጥ ነከረና በብሌኗ በኩል የደም ሥሮቿንና የዕይታ ነርቩን ጫፍ አየ። ያየውን በትክክል አልተረዳውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ደ ላ ኢር የተባለ የአገሩ ሰው ምክንያቱን አስረዳ፤ ውኃው የኮርኒያውን፣ ማለትም ጥርት ያለውን የዓይን የፊት ሽፋን፣ ጉብጠት ስለሚሽረው ከውስጥ የሚወጣው ብርሃን አቅጣጫው ይቀየራል፣ ለተመልካቹም ይደርሰዋል። ሰውን ግን ውኃ ውስጥ ነክሮ መመርመር አይቻልም፤ ነገሩ በድመቷ ቀረ።

በ1810 ቤኔዲክት ፕሬቮ ድፍን ጨለማ ውስጥ የትኛውም ዓይን እንደማያበራ አሳየ። የሚያበራው የገባው ብርሃን ተመልሶ ሲወጣ ነው። በድመትና በጅብ ሬቲና ጀርባ መስታወት መሰል ሽፋን ስላለ የሚመለሰው ብርሃን ብዙ ነው፤ የእኛ ዓይን ይህ ሽፋን የለውም። ሆኖም ከእኛም ጥቂት ብርሃን ይመለሳል። በ1846 እና በ1847 እንግሊዛዊው ካሚንግና ጀርመናዊው ብሩከ፣ ተመልካቹ ከመብራቱ ጋር በአንድ መስመር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የሰው ብሌንም ቀይ ሆኖ እንደሚታይ ደረሱበት። ቀይ ጭላንጭል ነበር፣ ምስል አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጭ ነገር አለ። የዛሬውን ኮምፒውተር አስቀድሞ ያለመው ቻርልስ ባቤጅ በ1847 ከመስታወት ጀርባ ላይ ብሩን በሁለት ሦስት ቦታ ፍቆ፣ በተፋቀው ነጥብ በኩል ወደ ዓይን ውስጥ የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በለንደን ስመ ጥር ለነበረ የዓይን ሐኪም አሳየው። ሐኪሙ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ባቤጅም ጣለው። በሌላ ሰው እጅ እስኪሠራ ድረስ ሦስት ዓመት ጠፋ።

ከ1850 እስከ 1855፦ ካርቶን፣ ሙጫና ብርጭቆ

ያ ሌላ ሰው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ነው። በ1850 መጨረሻ በኮኒግስበርግ፣ ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው ከተማ፣ የፊዚዮሎጂ መምህር ነበር፤ ዕድሜው 29። ለተማሪዎቹ የብሩከን ግኝት የሚያስረዳበትን ትምህርት ሲያዘጋጅ አንድ ጥያቄ ገታው፤ ከዓይን የሚወጣው ብርሃን ወዴት ነው የሚሄደው?

መልሱ ቀላል ሆኖ አስቸጋሪ ነበር። ብርሃኑ በገባበት መንገድ ተመልሶ ወደ መብራቱ ይሄዳል። ማየት የፈለገ ሰው እንግዲህ ጭንቅላቱን መብራቱ ካለበት ቦታ ላይ ማድረግ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መብራቱን ራሱ ይጋርደዋል። የብሌን ጥቁረት ምስጢር ይኸው ነው፤ መግቢያውና መውጫው አንድ በር ነው። ሄልምሆልትዝ በመካከል ብርጭቆ አጋድሞ አቆመ። ብርጭቆው ከጎን የሚመጣውን የመብራት ብርሃን ከፊሉን ወደ ታማሚው ዓይን ያንጸባርቃል፣ ከዓይን የሚመለሰውን ደግሞ ከፊሉን አሳልፎ ለሐኪሙ ያደርሳል። መሣሪያውን የሠራው በካርቶን፣ በሙጫ፣ በመነጽር ሌንስና ለማይክሮስኮፕ በሚያገለግሉ ስስ ብርጭቆዎች ነው። መጀመሪያ ላይ አልሠራለትም። ይቻላል ብሎ በስሌት ባያምን ኖሮ በዚያው ሳምንት ይተወው እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ሳምንት ያህል ከታገለ በኋላ የሕያው ሰው ሬቲና ፊቱ ተዘረጋ፤ ብርቱካናማ መሬት፣ በላዩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ የደም ሥር።

ውጤቱን በታኅሣሥ 1850 ለበርሊን የፊዚክስ ማኅበር አስታወቀ፤ በማግሥቱ ዓመት አሳተመው። ዛሬም ሐኪም ክፍሉን አጨልሞ፣ አፍንጫው አፍንጫችንን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ሲመለከተን በእጁ የያዘው የዚያ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

ከዚያ በፊት የዓይን ሐኪም ከፊት ለፊት ከሚታየው በቀር የሚያየው አልነበረውም፤ ከኮርኒያና ከሌንስ ወዲያ ያለው ሁሉ ግምት ነበር። በርሊን ውስጥ አልብሬክት ፎን ግሬፌ የተባለ ወጣት ሐኪም መሣሪያውን አንሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ የዓይን በሽታዎችን በአዲስ መልክ ገለጸ። እርሱም ቢሆን ሳይሳሳት አልቀረም። በግላኮማ የተያዘ ዓይን ውስጥ የዕይታ ነርቩን ጫፍ አይቶ ያበጠ መሰለው፤ በቪየና ኤድዋርት ፎን የገርም ያየው እንደዚያው ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ግሬፌ ጥቂት ቆይቶ ስሕተቱን አረመ። ጥፋቱ የሰዎቹ አልነበረም። በአንድ ዓይን የሚታይ ጠፍጣፋ ምስል ጉብታውን ከጉድጓዱ አይለይም። ጥልቀትን በልክ የሚያሳይ መሣሪያ እስኪመጣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ከ1869 እስከ 1926፦ ሠዓሊውና ካሜራው

ያየኸውን ለሌላው እንዴት ታሳያለህ? የገር መልሱን በብሩሽ ሰጠ። በ1869 ያሳተመው የሬቲና ሥዕል መድበል እያንዳንዱ ገጹ ሠዓሊው ከታማሚው ፊት ደጋግሞ ተቀምጦ የወጣ ነው። ሥዕሎቹን ያየ ሰው ትዕግሥቱን ሳያደንቅ አያልፍም። ነገር ግን ሥዕል የሠዓሊውን እምነት ይዞ ይመጣል፤ ያበጠ የመሰለው ሰው አብጦ ይስለዋል።

ካሜራ ይህን ያስወግዳል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። ችግሩ የብርሃን ማነስ ነበር። በ1886 ጃክማንና ዌብስተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ካሜራውን ከታማሚው ጭንቅላት ጋር አሥረው የሕያው ሰው ሬቲና ፎቶ አነሡ። ሰውየው ሁለት ደቂቃ ተኩል ሳይነቃነቅ ማፍጠጥ ነበረበት። የተገኘው ፎቶ ጭጋግ ሲሆን የኮርኒያው ነጸብራቅ ነጭ ጠባሳ ሆኖ በመካከሉ ተጋድሟል።

ያን ጠባሳ ያስወገደው ስዊድናዊው አልቫር ጉልስትራንድ ነው። ብርሃን በብሌኑ አንድ ክፍል እንዲገባና በሌላው ክፍል እንዲወጣ አደረገ፤ አንዱን በር ለሁለት ከፈለው ማለት ይቻላል። ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደሚያጥፍ በሠራው ጥናት በ1911 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በእርሱ መርህ ላይ ተመሥርቶ የአገሩ ሰው ኖርደንሰን ከዛይስ ኩባንያ ጋር የሠራው ካሜራ በ1926 ገበያ ላይ ዋለ። በ1950ዎቹ የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ ሲጨመርበት ፎቶው በቅጽበት የሚነሣ ሆነ።

ከ1959 እስከ 1961፦ ሁለት ተማሪዎችና አንድ ሳንቲም

በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ የተባሉ የሕክምና ተማሪዎች በ1959 በሬቲና የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለመለካት ይታገሉ ነበር። በዚያ መካከል አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ፍሎረሲን የሚባለው፣ ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር በ1871 የፈጠረው ቀለም ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። በክንድ የደም ሥር ቢወጋስ? ደሙ ራሱ እያበራ በሬቲና ውስጥ ሲያልፍ ማየት አይቻልም?

መጀመሪያ ማን ይወጋ? ሳንቲም ወረወሩ፤ አልቪስ ተሸነፈ። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ፎቶ የእርሱ ዓይን ነው። ቀለሙ ከክንድ ተነሥቶ ዓይን እስኪደርስ የሚፈጀው በሴኮንዶች የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ደም ወሳጆቹ ይበራሉ፣ ከዚያ እንደ ወንፊት የተዘረጉት ጥቃቅኖቹ፣ ከዚያ ደም መላሾቹ። ጽሑፋቸውን አንድ የታወቀ የዓይን ሕክምና መጽሔት መለሰባቸው፤ በ1961 በልብና ደም ዝውውር መጽሔት ላይ ወጣ። የዓይን ሐኪሞች የራሳቸውን ታላቅ ግኝት በሰው ቤት አነበቡት።

ለውጡ ቀላል አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ፎቶው የሚያሳየው የደም ሥሩ የት እንዳለ ነው፤ አሁን ሥሩ ጤነኛ ይሁን ያፈስስ ማሳየት ጀመረ። በስኳር በሽታ የሚበቅሉት ደካማ የደም ሥሮች ቀለሙን ሲያፈሱ አረንጓዴው እንደ ቀለም ጠብታ በጨርቅ ላይ ይሰፋል። በማያሚ ዶናልድ ጋስ በዚህ መንገድ የማኩላን፣ ማለትም ፊደል የምናነብበትን የሬቲና መካከል፣ በሽታዎች አንድ በአንድ ለየ። ዋጋም ነበረው። መርፌው ያቅለሸልሻል፣ ሽንት ብርቱካናማ ይሆናል፣ አልፎ አልፎም ብርቱ አለርጂ ያስከትላል። ለሃምሳ ዓመት ግን የሚተካው አልተገኘም።

ከ1980 እስከ 1996፦ የብርሃን ገደል ማሚቶ

በ1980 በቦስተን ሮበርት ዌብና ባልደረቦቹ ሬቲናን በሙሉ ከማብራት ይልቅ አንዲት የሌዘር ነጥብ እንደ አንባቢ ጣት መስመር በመስመር እየተጓዘች የምትቃኝበት መሣሪያ ሠሩ። ብርሃኑ ትንሽ፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ትልቁ እጥፋት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ለመመለስ በፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይገምታል። አልትራሳውንድ የሚሠራው በዚህ ነው። በብርሃንም እንዲሁ ቢደረግ ሬቲናን እንደ ንብርብር እንጀራ ቆርጦ ማየት ይቻል ነበር፤ ግን ብርሃን በሰውነት ውስጥ ከድምፅ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይፈጥናል። የማሚቶውን መዘግየት የሚለካ ሰዓት የለም። መላው ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወደ ዓይን፣ ሌላውን ርቀቱ ወደሚታወቅ መስታወት መላክ ነው። ሁለቱ ሲመለሱ የተጓዙት መንገድ እኩል ከሆነ ሞገዳቸው ይደራረባል፤ መደራረቡ ርቀቱን ይናገራል። በቪየና አዶልፍ ፌርሸር በ1980ዎቹ በዚህ ዘዴ የዓይንን ርዝመት ለካ።

በቦስተን አካባቢ ደግሞ የሕክምናና የምሕንድስና ትምህርት ባንድነት የሚከታተለው ዴቪድ ሁዋንግ፣ የኤም.አይ.ቲ.ው የሌዘር ሊቅ ጄምስ ፉጂሞቶና ኤሪክ ስዋንሰን ተገናኙ። ስዋንሰን የመጣው ሳተላይቶች በብርሃን እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት የምርምር ሥራ ነው። በ1991 ከሟች ዓይን የተወሰደን ሬቲና ንብርብር የሚያሳየውን ምስል በሳይንስ መጽሔት አወጡ፤ ዘዴውን ኦ.ሲ.ቲ. አሉት። በ1993 የሕያው ሰው ሬቲና ተከተለ፤ በ1996 ማሽኑ ተሸጠ።

የዚህ ዘዴ ብልሃት ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። የዓይን ፊት፣ ኮርኒያውና ሌንሱ፣ ፍጹም ብርጭቆ አይደለም፤ የሚያልፈውን ሁሉ በጥቂቱ ያደበዝዛል። የኦ.ሲ.ቲ. የጥልቀት ጥራት ግን የሚወሰነው በብርሃኑ ጠባይ እንጂ በዓይኑ ጥራት አይደለም። እንግዲህ በጥልቀት በኩል ከዓይኑ ጭጋግ አመለጠ፤ መጀመሪያ 10 ማይክሮን ያህል፣ ኋላ 5 ማይክሮን ደረሰ። (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።) ግሬፌን ያሳሳተው ጉድጓድ አሁን በቁጥር ይለካል። በጎን በኩል ግን ጭጋጉ እንዳለ ነው። ንብርብሩ ይታያል፣ ንብርብሩን የሠሩት ሕዋሳት አይታዩም።

ከ1994 እስከ 1999፦ ከቴሌስኮፕ የተዋሰ መስታወት

ሕዋሳቱ ትንሽ ናቸው። ቀለም የምንለይባቸው ኮኖች በሬቲናው መካከል ውፍረታቸው 2 ማይክሮን ያህል ነው፤ በጨለማ የምናይባቸው ሮዶችም እንደዚያው ቀጭን ናቸው። እነርሱን ለማየት የዓይኑን መዛባት ራሱን ማረም ያስፈልጋል። ሶቪየታዊው ስሚርኖፍ በ1961 የዓይንን መዛባት ለክቶ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ማረሚያ ሌንስ ሊሠራ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ስሌቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጅ ስለነበር ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ።

መፍትሔው የተገኘው ሰማይ ከሚያዩት ዘንድ ነው። ከዋክብት የሚርገበገቡት አየሩ ብርሃናቸውን ስለሚያዛባ ነው። ሆራስ ባብኮክ በ1953 መዛባቱን እየለካ በዚያው ልክ ቅርጹን የሚለዋውጥ መስታወት ቢኖር ኮከቡ ይጠራል አለ። ሐሳቡን በተግባር ያዋለው ግን በብዛት የአሜሪካ ጦር ነው፤ የሶቪየት ሳተላይቶችን ከምድር ለመሰለል ፈልጎ። ሥራው ምስጢር ሆኖ ቆይቶ የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይፋ ተደረገ። የጦርነት ገንዘብ ለዓይን ሕክምና መዋሉን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

በጀርመን ሃይደልበርግ ጁንዦንግ ሊያንግ ከመምህሩ ዮሴፍ ቢለ ጋር ሆኖ በ1994 የዓይንን መዛባት በፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከዴቪድ ዊሊያምስና ከዶናልድ ሚለር ጋር በ1997 መሣሪያውን 37 ገፊዎች ከጀርባው ከሚያጥፉት መስታወት ጋር አገናኘ። መስታወቱ የዓይኑን ጉድለት ገልብጦ ይይዛል፤ የዓይኑ ጉድለትና የመስታወቱ ጉድለት ይጣፋሉ። በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ኮኖቹ እንደ ማር እንጀራ ጉድጓዶች ተደርድረው ታዩ።

በ1999 ኦስቲን ሩርዳና ዊሊያምስ ከዚያ አልፈው በሁለት ሰዎች ዓይን ውስጥ የትኛው ኮን ቀይን፣ የትኛው አረንጓዴን፣ የትኛው ሰማያዊን እንደሚቀበል በካርታ አሰፈሩ። ውጤቱ ሁሉንም አስገረመ። በአንደኛው ሰው ቀይና አረንጓዴ ተቀባዮቹ እኩል ሊባሉ ይቻላል፤ በሁለተኛው ቀዮቹ አራት እጥፍ ገደማ ይበዛሉ። ሁለቱም ግን ቀለም በትክክል ይለያሉ። አንጎል ጓዳው ውስጥ ያለውን ጉድለት ከባለቤቱም ይሸሽጋል ማለት ነው።

ከ2002 እስከ 2011፦ የፊደል ሰሌዳው የማያየው

ያ መሸሸግ ለበሽታ ምርምር ትልቅ እንቅፋት ነው። በ2002 ሩርዳ በሂዩስተን የሚታጠፈውን መስታወት ከዌብ ተጓዥ የሌዘር ነጥብ ጋር አጣመረ፤ ሕዋሳቱ በተንቀሳቃሽ ምስል ይታዩ ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ካሮልና ባልደረቦቹ ቀለም የማይለይ አንድ ሰው ሲመረምሩ በኮኖቹ ድርድር መካከል ብዙ ጥቁር ክፍተት አገኙ፤ አንድ ዓይነት ኮን ሥራውን አቁሟል። ሰውየው ግን በፊደል ሰሌዳ ሲፈተን ምንም አልጎደለበትም። በኋላ የወጡ ጥናቶች በዘር በሚተላለፍ የሬቲና በሽታ ግማሽ ያህሉ ኮን ጠፍቶ እንኳ ታማሚው ሰሌዳውን ማንበብ እንደሚችል አሳዩ።

ይህን ልብ ይሏል። አንድ መድኃኒት ሕዋሳትን ከሞት ያድን እንደሆነ ለማወቅ ዓይናቸው ደህና የሚያነብ ሰዎችን በሰሌዳ ብንፈትን የምናገኘው ዝምታ ነው። በሽታው ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ዣክ ደንከንና ቡድኗ ከሩርዳ ጋር ሆነው ዝምታውን ሕዋስ በመቁጠር ሊሰብሩት ተነሡ። ሲ.ኤን.ቲ.ኤፍ. የተባለ ነርቭ ተንከባካቢ ፕሮቲን የሚያመነጩ ሕዋሳት የታሸጉባት ትንሽ ካፕሱል በአንድ ዓይን ውስጥ ትቀበራለች፤ ሌላው ዓይን የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ብቻ ይደረግለታል። ሦስት ሰዎችን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ተከታተሏቸው። በ2011 የወጣው ውጤት ካፕሱል ባልተቀበረበት ዓይን የኮኖቹ ብዛት በየዓመቱ 9 በመቶ ያህል በበለጠ ፍጥነት እንደቀነሰ አሳየ። የተለመዱት የዕይታ ፈተናዎች ሁሉ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ልዩነት አላዩም። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፣ በእርሱ ላይ ብዙ መገንባት አይቻልም። ሆኖም ሕዋስ የቆጠረ ሰው ሰሌዳው ዝም ያለበትን ነገር ሰምቷል።

በዚሁ አሥርት ኦ.ሲ.ቲ.ም ከምርመራ ክፍል ጌጥነት ወደ ዕለት እንጀራነት ተሸጋገረ። በ2005 በማያሚ ፊሊፕ ሮዘንፌልድ ለአንጀት ካንሰር የተሠራ መድኃኒት በትንሽ መጠን ዓይን ውስጥ ሲወጋ፣ በማኩላው ሥር የተቋጠረው ፈሳሽ በሳምንት ውስጥ መጉደሉን ያየው በኦ.ሲ.ቲ. ነው። ከዚያ ወዲህ መርፌው ይደገም አይደገም የሚለው በየወሩ በምስሉ የሚወሰን ሆነ። ማሽኑ በሐኪሞች ዘንድ የተስፋፋው በራሱ ውበት ብቻ ሳይሆን በዚህ መድኃኒት ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

በኢትዮጵያ በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ውጤት የወጣው በእነዚያው ዓመታት ነው። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ መንሥኤው የዓይን ሞራ እንደሆነ፣ ትራኮማም በሁለተኛነት እንደሚከተል አመለከተ። ሁለቱም ከሬቲናው ፊት ያሉ ሕመሞች ናቸው። ሞራ የጋረደው ዓይን ደግሞ ለየትኛውም ካሜራ በሩን አይከፍትም፤ ሬቲናውን ለማየት መጀመሪያ ሞራው መገፈፍ አለበት። ሌላው ዓለም ማይክሮን ሲቆጥር እዚህ ገና በሩ ይጠረግ ነበር።

ከ2016 እስከ 2025፦ ምስሉ ሲመሰክር

የኮምፒውተር አንባቢዎች መምጣት ባጭሩ ሊታለፍ ይችላል፤ ብዙ ተወርቶለታልና። በ2016 የጉግል ተመራማሪዎች ከ128,000 በሚበልጡ የሬቲና ፎቶዎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም የስኳርን ጉዳት እንደ ሐኪም ለየ። በ2018 አሜሪካ ያለ ሐኪም ትርጉም ውሳኔ የሚሰጥ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ፈቀደች። እኔን ይበልጥ የገረመኝ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ነው፤ ፕሮግራሙ ፎቶውን ብቻ አይቶ ባለቤቱ ወንድ ይሁን ሴት በአብዛኛው በትክክል ተናገረ። የሄልምሆልትዝ ልጆች 170 ዓመት ያህል ሲያዩት በኖሩት ምስል ውስጥ ይህ ምልክት መኖሩን ማንም አልጠረጠረም።

የሲ.ኤን.ቲ.ኤፍ. ካፕሱልም አልሞተችም። ማክቴል በሚባል፣ ማኩላን ቀስ በቀስ በሚበላ በሽታ ላይ በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈተነች። የሙከራዎቹ ዋና መለኪያ ታማሚው ያነበበው የፊደል ብዛት አልነበረም፤ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት በኦ.ሲ.ቲ. ላይ የሚሠሩት ብሩህ መስመር በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ቦታ ላይ እንደጠፋ ነው። በአንደኛው ሙከራ ጥፋቱ ከግማሽ በላይ፣ በሁለተኛው ሲሶ ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ልክ ዘገየ። የዕይታ ፈተናዎቹ ያን ያህል ግልጽ መልስ አልሰጡም። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካፕሱሏን ፈቀደ። በምስል ላይ የተረፈ ሕዋስ ለታማሚው የተረፈ ብርሃን ነው ወይ የሚለው ክርክር ግን በሐኪሞች መካከል አልተዘጋም፤ ማክቴል ዝግ ያለ በሽታ ስለሆነ መልሱም የሚዘገይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ በካሊፎርኒያ በርክሊ የሩርዳ፣ የሬን ንግና የባልደረቦቻቸው ሥራ ታተመ። ለሃያ ዓመት ወደ ውስጥ ያየው መሣሪያ አሁን ወደ ውስጥ እንዲጽፍ ተደረገ። በአምስት ሰዎች ሬቲና ላይ የኮኖቹ ካርታ ተሠርቶ፣ የሌዘሯ ነጥብ የዓይንን የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ እየተከተለች አረንጓዴ ተቀባዮቹን ብቻ እየለየች እንድትነካ ተደረገ። በተፈጥሮ ይህ አይሆንም፤ አረንጓዴ ተቀባዩን የሚነካ ማንኛውም ብርሃን ጎረቤቱንም ይነካል። ሰዎቹ ያዩት ከየትኛውም ከሚታወቅ ቀለም የደመቀ ሰማያዊ አረንጓዴ ነበር። ኦሎ ተባለ። በተለመደው ቀለም ሊያመሳስሉት ሲሞክሩ ነጭ ብርሃን ቀላቅለው ማደብዘዝ ግድ ሆነባቸው። ስፋቱ ሰማይ ላይ ካለች ሙሉ ጨረቃ እጥፍ ያህል ነው። ተመራማሪዎቹ ለማረጋገጫ ነጥቧን ሆን ብለው ከዒላማዎቿ ጥቂት ፈቀቅ ሲያደርጓት ኦሎ ከፊታቸው ይጠፋና የሌዘሩ የራሱ ተራ አረንጓዴ ብቻ ይቀራል።